ጥሬ ምግብና ዮጋ በክርስቲያን ቤት



ዛሬ ላወያያችሁ የወደድሁት ጉዳይ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ቢነሣ ኖሮ በጋምቤላ ከተማ ብዙ ሰው “ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው” ብሎ ያልፈው ነበር። አሁን ግን አይታለፍም። በእጃችን ያለው ስልክ ባሕር ማዶ ያለውን ሁሉ ወደ ጓዳችን ያመጣል። ከሚያመጣቸው ነገሮችም አንዱ ይህ ነው፦ እሳት የነካውን ምግብ ተዉ፤ ጥሬውን ብቻ ብሉ፤ ጠዋትና ማታ ዮጋ ሥሩ፤ ሰውነታችሁ ይነጻል፣ አእምሮአችሁም ያርፋል።

እኔና ባለቤቴ በዚህች ከተማ የባልና ሚስት ኅብረት እናስተናግዳለን። ይህ ጥያቄ በኅብረታችን ተደጋግሞ ሲነሣ ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ ወገን “ምን ችግር አለው? ዳንኤልስ የንጉሡን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬ አልበላም?” ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ “ከሰይጣን ነው፤ አትንኩት” ብሎ በሩን ይዘጋል። እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም የሚፈርዱት ጥቅሉን ሳይፈቱ ነው። ጥሬ ምግብ አንድ ነገር ነው፤ ዮጋ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ገመድ ታስረው ስለ መጡ ብቻ አብረው ሊጸድቁ ወይም አብረው ሊኮነኑ አይገባም። ሐዋርያው ጳውሎስ የተሰሎንቄን ምእመናን ሁሉን ነገር ፈትነው መልካሙን እንዲይዙ መክሯቸዋል (1ኛ ተሰ. 5፥21)። ለመፈተን ደግሞ መጀመሪያ መፍታት ያስፈልጋል። እስኪ አብረን እንፍታው።

ጥቅሉ ከየት መጣ?

ጥሬ ምግብን እንደ ሕክምና ያስፋፉት በአብዛኛው የምዕራቡ ዓለም ሰዎች ናቸው። ከቀደሙት መካከል ማክሲሚሊያን ቢርሸር-ቤነር (1867–1939 እ.ኤ.አ.) የተባሉ የስዊዘርላንድ ሐኪም ይገኙበታል። እኚህ ሐኪም በዙሪክ ከተማ ሕሙማንን ጥሬ ፍራፍሬና አትክልት በመመገብ ያክሙ ነበር። በኋላም አን ዊግሞር የተባሉ ሴት በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የበቀለ እህልና የስንዴ ቡቃያ ጭማቂን አስተዋወቁ። ነገሩ ወደ ወንጌላውያን ቤትም ገብቷል። ጆርጅ ማልክመስ የተባሉ አሜሪካዊ ፓስተር በ1992 እ.ኤ.አ. “ሃሌሉያ ኤከርስ” የተባለ ድርጅት መሥርተው፣ ከምግባችን 85 በመቶው ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ይሁን ብለው ያስተምሩ ነበር። የሚጠቅሱትም ዘፍጥረት 1፥29ን ነው።

ዮጋ ግን ሥሩ ሌላ ነው። በህንድ ምድር ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሃይማኖት ሥርዓት ነው። ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን “መጥመድ፣ ማጣመር” የሚል ትርጉም አለው። ፓታንጃሊ የተባለው የጥንት መምህር ዮጋን በስምንት ክፍል አስቀምጦታል፤ እነርሱም ከክፉ መታቀብ፣ ራስን መግዛት፣ የሰውነት አቀማመጥ፣ የትንፋሽ ሥርዓት፣ ስሜትን ከውጭው ዓለም መመለስ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ማሰላሰልና በመጨረሻም ራስን እስከ መርሳት የሚደርስ ተመስጦ ናቸው። ዛሬ በስልካችን የምናየው መተጣጠፍና መዘርጋት ከስምንቱ የአንዱ ክፍል ነው። ያም ቢሆን አሁን ያለውን መልክ በብዛት የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በህንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምሩ በነበሩት በክሪሽናማቻርያና በተማሪዎቻቸው አማካይነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን (በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14) የዮጋ ቀን እንዲሆን ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በብዙ አገሮች ይከበራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዮጋ ጥሬ ምግብን አያዝም። በህንድ አገር ዮጋን የሚያዘወትሩ ሰዎች ሩዙንና ምስሩን በእሳት አብስለው፣ ወተትና ቅቤ ጨምረው ይመገባሉ። ሁለቱን አጣምሮ “አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም” የሚለው ትምህርት ከኋላ የመጣና በአብዛኛው በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋ ነው። እንግዲህ ገመዱ የሰው ሥራ ነውና መፍታቱ አያስፈራንም።

“ጥሬ” ሲባል በእኛ አገር

በዙሪክና በቦስተን “ጥሬ” ሲባል ሰላጣና ፖም ነው። በእኛ አገር ግን “ጥሬ” ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ቁርጥ ሥጋ ነው። አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለምንድን ነው? ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ነው። ጥሬ መብላት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ዋጋውንም ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን።

በጋምቤላ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ክልላችን በውኃ የተባረከ ነው። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ የተባሉት ወንዞች ዓሣውን፣ በቆሎውንና ማንጎውን ይሰጡናል። ነገር ግን ያልተጣራ ውኃና ያልበሰለ ዓሣ ምን እንደሚያመጣ ከጋምቤላ ሰው የተሻለ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለ ጊኒ ዎርም መናገሬ ነው። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ደቃቅ የውኃ ነፍሳት የዚህን ትል እጭ ትሸከማለች። ሰው የኩሬ ውኃ ሳያጣራ ሲጠጣ እጩ ወደ ሆዱ ይገባል። አንድ ዓመት ያህል ምንም ምልክት አያሳይም። ከዚያም እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል፣ ቆዳን በስቶ ይወጣል። ክትባትም ሆነ የሚገድለው መድኃኒት የለውም። በትንሽ እንጨት ላይ እየተጠቀለለ በብዙ ቀናት ሥቃይ ይጎተታል።

በ1986 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የሚያዙ ሰዎች ቁጥር 3.5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን በመላው ዓለም የተመዘገቡት 15 ሰዎች ብቻ ናቸው። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ያቋቋሙት የካርተር ማዕከል፣ የጤና ሚኒስቴሮችና በየመንደሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የደከሙበት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ በሽታው በመጨረሻ የቀረው በእኛው በጋምቤላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. 15 ሰዎች ተያዙ፤ በአቦቦ ወረዳ እርሻ ላይ ሲሠሩ ያልተጣራ የኩሬ ውኃ የጠጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩበት። በ2018 እና በ2019 አንድም ሰው አልተያዘም። ሁላችን አበቃ ስንል በ2020 በጎግ ወረዳ በተነሣው ምክንያት 11 ሰዎች ተያዙ። በ2023 እና በ2024 እንደገና የተያዘ ሰው አልተመዘገበም፤ ሆኖም ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይ መገኘቱ ጥንቃቄውን እንዳንተው ያስገድደናል። የጤና ባለሙያዎች ዘወትር የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፦ ውኃውን አጣሩ፤ ዓሣውን በደንብ አብስሉ፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት።

ኮሌራንም አንርሳ። በ1998 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአገራችን ሲነሣ የጀመረው ከዚሁ ከጋምቤላ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያም ኮሌራ በክልላችን ወገኖቻችንን ነጥቆናል። በወንዝ ውኃ የታጠበ ሰላጣ ለዙሪክ ሰው ጤና ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የሞት መልእክተኛ ሊሆን ይችላል። እሳት በጋምቤላ ጓዳ ውስጥ የምግብ ጠላት አይደለም፤ የልጆቻችን ጠባቂ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ስለ እሳትና ስለ ምግብ ምን ያሳየናል? ጌታ ለእስራኤል የፋሲካውን በግ ሲሰጥ ጥሬውን እንዳይበሉት፣ በእሳት ጠብሰው እንዲበሉት አዘዘ (ዘጸ. 12፥8–9)። ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ የተወው እንዳይረክስበት ነው፤ የበላውም ጥራጥሬ ጥሬ ነበር የሚል ቃል የለም። ዘፍጥረት 1፥29ን የሚጠቅስ ሰው ዘፍጥረት 9፥3ንም ማንበብ ይገባዋል። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ዮሐንስ 21 ነው። ከትንሣኤው በኋላ ጌታችን ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርት በባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣ በላዩ አድርጎ፣ እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። በባሮ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ልጆቿን የምትጠብቅ እናት ይህን ስታነብ ምን ይሰማት ይሆን? ሞትን ድል የነሣው ጌታ ለወዳጆቹ ምግብ አበሰለ!

ይህን ስል ጥሬ ፍራፍሬና አትክልት ይቅር ማለቴ አይደለም። እግዚአብሔር በጋምቤላ መንገዶች ዳር የተከለልንን ማንጎ ማን ያበስለዋል? ፓፓያ፣ ሙዝና ሎሚ በጥሬው ይበላል። ምግብ ሲበስል እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ፤ ብዙዎቻችንም አትክልትና ፍራፍሬ አናበዛም። ይህን በማሳሰባቸው የጥሬ ምግብ መምህራን ትክክል ናቸው። ችግሩ “ብቻ” በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቦሎቄ በጥሬው መርዝ አለው፤ ጎደሬ በጥሬው አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። እሳት የሚጠቅመው ተሐዋስያንን በመግደል ብቻ አይደለም፤ የእህሉን ኃይል ለሰውነታችን ይፈታልናል። በእንስሳት ምግብ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በጥሬ አትክልት አይተካም።

ሁለት ሳህን የተዘረጋበት ቤት

አሁን ወደ ትዳር ልምጣ። የምነግራችሁን ባልና ሚስት ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ማንነታቸውን የሚገልጠውን ሁሉ ትቼ ነው የምጽፈው። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ይጠብቃሉ። በውጭ አገር የምትኖር ዘመዷ “ጥሬ ምግብና ዮጋ ማሕፀንን ያነጻል” የሚል ትምህርት ላከችላት። እኅታችን በሙሉ ልቧ ጀመረች። ገንፎውን፣ ወጡን፣ እንጀራውን ተወች። ማለዳ ተነሥታ ምንጣፍ ዘርግታ ከስልኩ ጋር ዮጋ ትሠራለች። ስምንት ወር አለፈ።

ወደ እኛ የመጣው ባልዋ ነው። “እኅቴ፣ ሚስቴ ከገበታዬ ተነሣች” አለኝ። ከአንድ ትሪ መብላት ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጉርሻ የቀረበት ቤት ዝም ያለ ቤት ነው። እርሱም በዝምታው ውስጥ ተቆጥቶ “የባዕድ አምልኮ በቤቴ አልፈልግም” ብሎ ምንጣፉን ከቤት አውጥቶ ጥሎት ነበር። ሚስቱን ለብቻዋ ሳነጋግራት ግን እንዲህ አለችኝ፦ “እርሱ የሚያየው ምንጣፉን ነው። ልጅ መናፈቄን አያይም።”

ወገኖቼ፣ ክርክሩ ስለ ምግብ ወይም ስለ ዮጋ ብቻ አልነበረም። በዚያ ቤት ያልተነገረ ኀዘን ነበረ። እርስዋ ብቻዋን ተሸክማው መፍትሔውን ከስልክ ስትፈልግ፣ እርሱ ደግሞ መፍትሔዋን እንጂ ኀዘኗን አላየም።

ከዚያም በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። በጣም ከስታለች፤ የወር አበባዋም ከሦስት ወር በላይ ቆሟል። እርስዋ “እየነጻሁ ነው” ብላ ተጽናንታለች። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጀርመን አገር የተደረገና በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ጥሬ ምግብ የሚያዘወትሩ ከ500 በላይ ወንዶችና ሴቶችን መርምሮ ነበር። ሴቶቹ በአማካይ 12 ኪሎ ያህል ከስተዋል፤ ወንዶቹም ወደ 10 ኪሎ። ዕድሜያቸው ከ45 በታች ከሆኑት ሴቶች መካከል 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው በከፊል ወይም ፈጽሞ ቆሞ ተገኘ። ሰውነት የሚበቃውን ኃይል ሲያጣ አስቀድሞ ከሚዘጋቸው በሮች አንዱ የመውለድ በር ነው። እንግዲህ ልጅ ፍለጋ የተጀመረው መንገድ ከልጅ የሚያርቅ ሆኖ ነበር።

ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ጤና ተቋም ሄዱ። የደም ማነስ ተገኘባት። ወደ በሰለው ምግብ ተመለሰች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የወር አበባዋ ተመለሰ። ልጅ እስካሁን አልመጣም። ታሪኩ “ከዚያም ወለዱ” ብሎ እንዲያልቅ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ እኛም አብረን እየጸለይን ነው። ነገር ግን ባልዋ ስለ ምንጣፉ ይቅርታ ጠይቋታል። እርሱም ለምርመራ ሄዷል፤ ልጅ አለመምጣት የሚስት ብቻ ጉዳይ አይደለምና። ትሪው አንድ ሆኗል። ይህ ለእኔ ትንሽ ተአምር አይደለም።

ዮጋስ?

ስለ ምግቡ ከተነጋገርን ዘንድ ስለ ምንጣፉም በግልጽ እንነጋገር። መጀመሪያ ለእውነት የሚገባውን እንስጥ። ሰውነትን መዘርጋት፣ ጡንቻን ማጠንከር፣ በእርጋታ መተንፈስ ጠቃሚ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉ ነገሮች መካከል ዮጋን ጠቅሶታል። በገጠር ለምትኖር፣ ውኃና እንጨት ለምትሸከም፣ በቆሎ ለምትወቅጥ እናት “ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ” ማለት ስድብ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር ላይ ለምንውል ግን ወገባችንና ጉልበታችን ይመሰክሩብናል። ጳውሎስም የሰውነት ልምምድ ጥቅም እንዳለው ሳይክድ፣ እግዚአብሔርን መምሰል ግን ለአሁኑም ለሚመጣውም ሕይወት እንደሚጠቅም ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል (1ኛ ጢሞ. 4፥8)።

ሆኖም ዮጋ በሥሩ እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም። ከላይ እንዳየነው ሰውነት በስምንቱ ውስጥ አንዱ ደረጃ ነው፤ መድረሻው ተመስጦ ነው። “ሱርያ ናማስካር” የሚባለው የታወቀው ተከታታይ እንቅስቃሴ ትርጉሙ ለፀሐይ መስገድ ወይም ሰላምታ ማቅረብ ነው። “ኦም” የሚለው ድምፅ በህንድ ሃይማኖቶች ዘንድ የተቀደሰ ነው። ይህን ስናገር የህንድን ሕዝብ ለመናቅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ወላጆቻችንን ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት የህንድ መምህራን ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። የሰውን ሃይማኖት ማክበር ማለት ደግሞ ሃይማኖቱን “ስፖርት ብቻ ነው” ብሎ ማቃለል አይደለም። ለእነርሱ ቅዱስ የሆነውን ነገር ሳናውቀው አፋችን ላይ ብናደርገው እነርሱንም አላከበርንም፣ ለጌታችንም አልታመንንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቆሮንቶስ ምእመናን ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ የጠየቁት ጥያቄ ከእኛው ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 10 ሁለት ነገር አስተማራቸው። ጣዖት ምንም እንዳይደለና ሥጋው ሥጋ እንደ ሆነ ነገራቸው። በጣዖቱ ማዕድ መካፈል ግን አይገባም አላቸው፤ የወንድምን ኅሊና ማቁሰልም እንዲሁ። ይህን መለኪያ ወደ ምንጣፉ ሳመጣው እንዲህ እረዳዋለሁ፦ ጀርባን ማጠፍና ክንድን መዘርጋት የፈጠረን አምላክ ስጦታ ነው፤ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም። ዝማሬውና ስግደቱ፣ አእምሮን ባዶ አድርጎ ለማይታወቅ ነገር መክፈቱ ግን የእኛ አይደለም። እኔ በበኩሌ ጠዋት ጠዋት ሰውነቴን እዘረጋለሁ፤ ዮጋ ግን አልለውም፣ ዮጋም አላደርገውም። የእኛ ማሰላሰል አእምሮን ባዶ ማድረግ ሳይሆን በቃሉ መሙላት ነው (መዝ. 1፥2)።

አንድ ነገር ልጨምር። “ዮጋ” የሚለው ቃል የወጣበት ሥር የመጥመድ፣ የቀንበርም ሐሳብ አለው ብለናል። የደከመች ነፍስ ሁሉ መጠመጃ ትፈልጋለች። ጌታችንም የደከሙትንና ሸክም የከበደባቸውን ጠርቶ ያቀረበላቸው ቀንበር ነው፤ የእርሱ ቀንበር ግን ልዝብ፣ ሸክሙም ቀሊል ነው (ማቴ. 11፥28–30)። ያቺ እኅታችን በምንጣፉ ላይ ስትፈልገው የነበረው ዕረፍት እርሱ ዘንድ አለ። የእኛ የምእመናን ድርሻ ወደዚህ ዕረፍት የሚወስደውን በር በቁጣችን አለመዝጋት ነው።

ለባለ ትዳሮች ጥቂት ምክር

1. ስለ ገበታችሁ ተስማሙ። ጳውሎስ ባልና ሚስት ለጸሎት እንኳ ሲሉ ሲለያዩ ተስማምተው ለጊዜው እንዲሆን አዟል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ለጸሎት ስምምነት ካስፈለገ፣ የቤቱን ማዕድ ለመለወጥ እንዴት አያስፈልግ?

2. ጥሬውን ከመመርመራችሁ በፊት ውኃውን መርምሩ። ለመጠጥም ለማጠቢያም የፈላ ወይም በክሎሪን የታከመ ውኃ ተጠቀሙ። የኩሬ ውኃ ከሆነ በማጣሪያ ጨርቅ ሳታጣሩ አትጠጡ። ፍራፍሬን አጥባችሁ ራሳችሁ ልጡት። ዓሣና ሥጋ ይብሰል፤ ወተት ይፍላ።

3. ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ልጅ የምትጠብቅ ሚስት፣ ሕፃናት፣ የስኳር ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የጤና ባለሙያ ሳያማክሩ ምግባቸውን ባይለውጡ መልካም ነው። የወር አበባ መቆም “መንጻት” አይደለም፤ የሰውነት ጩኸት ነው።

4. አብራችሁ ተንቀሳቀሱ። የጋምቤላ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በማለዳው ቅዝቃዜ፣ ሃያ ደቂቃ በእግር ሂዱ፤ ወገባችሁንና ትከሻችሁን ዘርጉ። ባልና ሚስት አብረው ሲሄዱ በቤት የማይነገር ብዙ ነገር ይነገራል።

5. ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁ። ሚስት አዲስ ነገር ስትጀምር ባል “ምን ጎደለብሽ? ምን ፈለግሽ?” ይበላት። ሚስትም እንዲሁ ለባሏ። ሮሜ 14 አትክልት ብቻ የሚበላውና ሁሉን የሚበላው እንዳይናናቁና እንዳይፈራረዱ ያስተምራል። ይህ በጉባኤ የሚሠራ ከሆነ በአንድ ጣሪያ ሥር ይልቁንም ይሠራል።

በ2007 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት መሆኑ ተመዝግቧል። ወንጌል ወደዚህ ምድር ሲገባ የመጣው ከክሊኒክና ከትምህርት ቤት ጋር ነው። ከዛሬ 70 ዓመት በፊት በባሮ ዳር በፖክዎ የነበሩት ሚሲዮናውያን ስብከቱን ከሕክምናው አልለዩትም። አባቶቻችንና እናቶቻችን የተቀበሉት ወንጌል ነፍስን ብቻ ሳይሆን የታመመውን እግርና የተራበውን ሆድ ያየ ወንጌል ነው። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው (1ኛ ቆሮ. 6፥19–20)፤ ስለዚህ ስለ ምንበላውና ስለ ምንንቀሳቀሰው መጠየቅ ከመንፈሳዊነት የወጣ ነገር አይደለም። ምእመናን ይህን ጥያቄ ይዘው ሲመጡ ከቤተ ክርስቲያን በቂ መልስ ካላገኙ መልሱን ከስልካቸው ይወስዳሉ።

ዛሬ ማታ በቤታችሁ ማዕድ ሲቀርብ አንድ ነገር አድርጉ። ከመባረካችሁ በፊት ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ፊት ተመልከቱ። ምን እየበላ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እየናፈቀ እንደ ሆነም ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ባርኩና አጉርሱት።

የሰላም አምላክ ገበታችሁን ይባርክ፤ መንፈሳችሁን፣ ነፍሳችሁንና ሥጋችሁን ይጠብቅ። አሜን።